የሚካኤል ጽዋና የዶክተሩ ማይክሮዌቭ

የሚካኤል ማኅበራችን ጽዋ፣ ተራዬ ደርሶ እያለ፣ ቤቴን ዘሎ አለፈ። የተሠራብኝ ግፍ ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን የምጽፈው በዚህ ከተማ ያለው ሐበሻ ነገሩን እንደየአፉ ስላወራው ነው። አንዱ መርዝ አበላ አለኝ። ሌላው ዓይኑ ጥሩ አይደለም አለኝ። ሦስተኛው ማንበብ ስለማይችል ነው አለ። ከሁሉም የከነከነኝ የሦስተኛው ነው። መርዘኛ የተባለ ሰው ቢያንስ ተንኮል ያውቃል ይባላል።

ጽዋ ምን እንደሆነ እዚህ ለተወለዱት ልናገር። ሰዎች በአንድ ቅዱስ ስም ማኅበር ይጠጣሉ፤ የኛ የሚካኤል ነው፣ በየወሩ በአሥራ ሁለት። ባለተራው ዳቦ ጋግሮ፣ ጠላ ጠምቆ አባላቱን ቤቱ ይጠራል። ማታ ሲበተኑ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለሚቀጥለው ባለተራ ይሰጣል። ያ ሰው ብድግ ብሎ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ በሁለት እጁ ይቀበላል። አንድ ወር ሙሉ ጽዋው ቤቱ ይቀመጣል ማለት ነው። እኔ ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም። በዓመት አንድ ቀን ቤቴ ሰው የሚሞላው በዚያ ተራ ነው። ስለዚህ የዘለለኝ ኩባያ ብቻ አልነበረም።

የኛዎቹ ሚካኤልን ራሱ ወደ ቅዳሜ አዛውረውታል። ሥራ አለብን ይላሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መልአኩ የነሱን ሺፍት ሲጠብቅ ኖረ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ለንደን ገብቼ፣ ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ያስቆጠሩኝ ኪልበርን የሚኖሩ የአስመራ ሽማግሌ ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ አስመራ በአማርኛ ተምረው፣ እዚህ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። እሳቸው ካቶሊክ ናቸው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ዳዊት መሀላችን ተዘርግቶ ክረምት ከበጋ ሀሁ አልን። ከሳቸው በቀር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማከብረው ሰው የለም፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

አሁን ወደ ዶክተሩ።

ዶክተር ስላልኩ የሚያክም እንዳይመስላችሁ። የኬሚስትሪ ዶክተር ነው፣ የአርባ ዓመት ጎልማሳ፤ አንድ ኮሌጅ ያስተምራል። ወገቡን ያመመው ሐበሻ ግን ዶክተር ሲባል የምን ብሎ አይጠይቅም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አሮጊቶች ከበውት «ዶክተር፣ እዚህ ጋ ይወጋኛል» ሲሉት አይቻለሁ። እኔ እንደዚያ ያለ ዶክተር አይደለሁም ብሎ ሲመልስ ግን አላየሁም። ጎንበስ ብሎ የሚወጋውን ቦታ ያያል።

ካውንስሉ፣ ማለት የወረዳው አስተዳደር፣ የሚያከራየኝ ትንሽ የአትክልት መሬት አለችኝ። እዚያ ላይ ጎመን፣ ቃሪያና ጤና አዳም አለኝ። ጤና አዳሙ የእንግሊዝን ዝናብ ለምዶ ቁጥቋጦው እስከ ወገቤ ደርሷል። የኔ ጤና አዳም የማይደርስበት የሐበሻ ቤት በሰሜን ለንደን የለም ብል ብዙ አልዋሸሁም። ባደግሁበት አገር ጤና አዳም አይከለከልም፣ አይሸጥምም። የጠየቀ ይቆርጣል፣ አበቃ። ዶክተሩም በግንቦት መጣና ጠየቀ። ሌላው ሰው አንድ ቅርንጫፍ ይዞ ሲሄድ እሱ ጆንያ ይዞ መጣ።

ያን ሁሉ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ እዚህ ቅጠል ውስጥ ያለውን ነገር እኮ አባቶቻችን አባክነውታል» አለኝ።

«አባቶቻችን ምን አደረጉህ?»

«አልተጠቀሙበትም ማለቴ ነው። ቡና ውስጥ እየነከሩ መጣል ብቻ። እኔ ውስጡን አወጣዋለሁ።»

አውጣው አልኩት። ቅጠል ነው፣ ነገም ይበቅላል። ጆንያውን ሞልቶ ሄደ። በሳምንቱ ሌላ ጆንያ ይዞ ተመለሰ።

እኔ የምሠራው ፓርክ ሮያል፣ አንድ የቀዘቀዘ ምግብ መጋዘን ውስጥ ነው፤ መኪና እጭናለሁ። እሱ ደግሞ እዚያው ሰፈር በርበሬ የሚያስፈጭ አንድ ሐበሻ ወጥ ቤት ጓዳ ተከራይቶ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ጠራኝና ገባሁ። በርበሬውና ጤና አዳሙ ተቀላቅለው ዓይን ያስለቅሳሉ። ጠረጴዛው ላይ ማይክሮዌቭ ተቀምጧል። ሰው ሾርባ የሚያሞቅበት ተራ ማይክሮዌቭ ነው። ጣራውን በስቶታል። በቀዳዳው የብርጭቆ ቧንቧ አውጥቶ፣ ዙሪያውን በፎይል ጠቅጥቆታል።

ከዚያ ማስተማር ጀመረ። ሰውዬው ሁለት ጆሮ ካገኘ ኮሌጅ ይመስለዋል። እሳት ቅጠልን ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚያሞቀው አለኝ፤ ጊዜ ይፈጃል፣ ጥሩውንም ነገር ያሳርረዋል። ማይክሮዌቭ ግን ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ውሃ ራሱን ያፈላዋል። ውሃው ሲፈላ ቅጠሉ ከውስጥ ይፈነዳል፤ ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋር በቧንቧው ይወጣል፣ እንፋሎቱ በቀዝቃዛ ውሃ ሲበርድ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ቀኑን ሙሉ ይፈጅ የነበረው ሻይ እስኪፈላ ባለው ጊዜ ያልቃል። ይኼ እውነት ነው፤ በኋላ ራሴ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ማሽን አላቸው። በወጣው ዘይት ውስጥ ምን ምን እንዳለ የሚመረምር ሌላ ማሽንም አላቸው። የኛ ሰው የነበረው ፎይል ነው።

የወጣውን አሳየኝ። አንድ ጆንያ ቅጠል ገብቶ የጠርሙሱን ቂጥ እንኳ አልሸፈነም። ይህችን ከወይራ ዘይት ጋር እየደባለቀ በትንንሽ ብልቃጥ ይሞላታል። ብልቃጡ ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ለጥፏል።

«እስቲ ያንብቡልኝ፣ ጋሼ» አለኝ፣ ለሕፃን እንደሚባለው።

አነበብኩለት። ከጤና አዳም የተጨመቀ፤ ለጉልበት፣ ለወገብ፣ ለአንገት ይላል። ከሥሩ ያለውንም እንግሊዝኛ፣ ትንሽ ቢያደናቅፈኝም፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩለት።

«ጎበዝ!» አለኝ።

ይህችን ጎበዝ ያዙልኝ። በኋላ እመለስባታለሁ።

በሐምሌ፣ የሐዋርያት ጾም እንደተፈታ፣ ማኅበሩ እንደየዓመቱ ኮች፣ ማለት ትልቅ አውቶቡስ፣ ተከራይቶ ወደ ባሕር ሄደ። ሐበሻ ባሕር ሲሄድ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ውሃውን አይነካም፣ ዳርቻው ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ዶሮ ወጥ ይበላል። ገና ኮቹ ከከተማው ሳይወጣ ዶክተሩ ብልቃጦቹን አውጥቶ ከወንበር ወንበር ያዞር ጀመር። ሴቶቹ ጉልበታቸውን አሹ፣ አንገታቸውን አሹ። ሙሴው፣ ማለት የማኅበሩ አለቃ፣ ሚኒካብ ታክሲውን ሲነዳ የሚያመውን ክርኑን እስከ ትከሻው ድረስ ቀባው። «በእውነቱ ወዲያው ይሞቃል» አለ። የሰው ሁሉ ቆዳ እያብረቀረቀ ደረስን።

እኔ አልተቀባሁም። አዋቂ ሆኜ አይደለም፤ ጤና አዳም ክፉ ያደርጋል ብሎ ማን ያስባል፣ እኔም አላሰብኩም። ዶክተሩ ብልቃጡን ይዞ በመተላለፊያው ሲንጎማለል ሳየው ስለጠላሁት ብቻ ነው። አጠገቤ ሲደርስ «ጋሼ፣ የራስዎ ቅጠል እኮ ነው» አለኝ። የራሴን ቅጠል ከራሴ መሬት ላይ አገኘዋለሁ አልኩት። ኮቹ ሳቀ። ያቺ ሳቅ በኋላ ዞራ መጣችብኝ።

ያን ቀን የእንግሊዝ ፀሐይ አብዳ ነበር። ሁሉም እጅጌውን ሰብስቦ፣ ቀሚሱን እስከ ጉልበቱ ገልጦ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ጉልበት ፀሐይ ይወዳል ይላሉ። ማታ ዘፍነን ተመለስን።

በማግሥቱ ማንም ምንም አላለም። ከዚያ በሚቀጥለው ቀን ስልኬ ይጮህ ጀመር። የተቀባው ሁሉ ቀላ፣ አሳከከው፣ ውሃ ቋጠረ። የፈላ ዘይት የተደፋበት ይመስል። የሙሴው ክንድ የተላጠ ድንች መሰለ። ሰቨን ሲስተርስ በሚባለው ሰፈር ቅመማ ቅመም የምትሸጥ፣ ሰው ሁሉ እትዬ የሚላት፣ የዶክተሩን ብልቃጥ መደርደሪያዋ ላይ ደርድራ የምታሻሽጥለት ሴትዮ አለች፤ እሷ አንገቷ ዙሪያውን ተቃጥሎ የአንገት ሐብል የታሰረላት ይመስል ነበር።

መጀመሪያ ዶሮ ወጡን አሙ። ዶሮ ወጥ አንገት አያቃጥልም ብሎ የሚነግራቸው እስኪገኝ ሁለት ቀን ፈጀ። ከዚያ የባሕሩን ጨው አሙ፣ ማንም ሳይነካው። በመጨረሻ ዘይቱ ላይ ደረሱ። ዘይቱ ላይ ሲደርሱ ደግሞ፣ የዶክተር እጅ አይሳሳትምና፣ ዘይቱን አልፈው ቅጠሉ ላይ ሄዱ። ጤና አዳም ደግሞ ከአዳም ጀምሮ ማንንም አቃጥሎ አያውቅምና፣ ቅጠሉንም አልፈው እኔ ላይ ደረሱ። የኛ ሰው ነገር የሚያጣራው እንዲህ ነው። የተማረውንና የለመደውን አንድ በአንድ ያስወጣና የቀረውን ያንቃል።

የሐምሌ ሚካኤል፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ቶተንሃም አንዲት አባል ቤት ተሰበሰብን። የነሐሴ ተራ የኔ ነው። ብቅልና ጌሾ ገዝቼ አስቀምጫለሁ፣ ወንበር ከጎረቤት ለምኛለሁ። ጸሎቱ አለቀ፣ ዳቦው ተበላ። ጽዋው ሲነሣ እንደ ደንቡ ብድግ አልኩ፣ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

ሙሴው ጽዋውን ይዞ ወደኔ መጣ። ከዚያ ቆመ። ወደ ዶክተሩ ዞሮ «በእውነቱ አንድ ነገር ይነገር ተብሏል» አለ።

ዶክተሩ ተነሣ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም ብሎ ጀመረ፤ እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ለምን እንደሚነሣ ታውቃላችሁ። የሱ አሠራር ንጹሕ እንደሆነ፣ ማይክሮዌቭ ከቅጠሉ ያወጣል እንጂ ቅጠሉ ላይ እንደማይጨምር አስረዳ። ስለዚህ ችግሩ ከምንጩ ነው አለ።

«ጋሼ ፀረ አረም ረጭተው ይሆናል። ክፋት አስበው አይደለም። መድኃኒቱ ዕቃ ላይ ማስጠንቀቂያ አለ፣ ግን እሳቸው… ያው ታውቃላችሁ፣ ማንበቡ ላይ…»

እጁን በአየር ላይ አወዛወዘ። ያ የእጅ ውዝወዛ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

እዚያ ቤት ውስጥ ማንበቤን የማያውቅ ሰው ይኖራል። እሱ ግን ያውቃል። ብልቃጡን ያስነበበኝ እሱ ነው፤ ጎበዝ ያለኝ እሱ ነው። መሬቴ ላይ አንዲት ጠብታ መድኃኒት ረጭቼ አላውቅም፤ አረም በእጄ ነው የምነቅለው። ይህን ተናገርኩ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ታዲያ እሱ ራሱ ለምን አልተቀባም?» አለች። የኮቹ ሳቅ ይኸው መጣች። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ።

ሙሴው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለጊዜው ነው። ነገሩ እስኪጣራ ጽዋው ይለፍዎ» አለኝ። እጄ እንደተዘረጋ በአጠገቤ አልፎ ከኔ ቀጥላ ላለችው ባለተራ ሰጣት። ተቀበለች። እምቢ ያለ የለም። ነጠላዬን ፈትቼ ወጣሁ።

እስኪጣራ አሉ። ማን ያጣራል? አንድ ሰው እንኳ መሬቴ ድረስ መጥቶ አፈሩን ያየ የለም። ጽዋው ነሐሴን ሌላ ቤት ዋለ፣ መስከረምን ሌላ ቤት ዋለ። እኔ መጋዘኔ ውስጥ የቀዘቀዘ አተር እጭን ነበር። ሰው ሰላም ይለኛል፤ ጤና አዳም የሚጠይቀኝ ግን ጠፋ። ቁጥቋጦው አብቦ ደረቀ።

ጥቅምት ሲገባ ኮረሪማ ልገዛ ሰቨን ሲስተርስ፣ ያቺ ሴትዮ ሱቅ ገባሁ። ከኮረሪማው ይልቅ ዓይኔ መደርደሪያው ላይ ሄደ። የዶክተሩ ብልቃጦች የነበሩበት ቦታ ላይ ሻማ ተደርድሯል። ሌላ ሰው ቢሆን አያስተውለውም። እኔን ግን ያ መደርደሪያ ሦስት ወር ሙሉ በሐሳቤ ሲያቃጥለኝ ነበር።

ሰው ሁሉ እትዬ ይበላት እንጂ እኩያዬ ናትና አንቺ እላታለሁ። ዘይቱ የት ሄደ አልኳት።

«አለቀ።»

«አለቀ ወይስ ሸሸ?»

ሻርፗን ወደ ላይ ሳብ አደረገች። አንገቷ ላይ ቡናማ መስመር ቀርቷል። ሌላ ደንበኛ ነበረች፤ እስክትወጣ ጠበቅኋት። ከዚያ ነገረችኝ። ቁስሉ አልድን ሲላት ሐኪሟ ሆስፒታል ልካት ነበር። የቆዳ ሐኪሟ ምን እንደተቀባች ጠየቀቻት፤ ብልቃጡን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት።

«ጽሑፉን አየችና ቅጠሉን አወቀችው» አለችኝ። «ይኼ ዘይት ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል አለች። ማንም ቢያበቅለው፣ የትም ቢበቅል። እንዲህ ሲጨመቅማ የባሰ ነው አለች።»

«ይህን መቼ ነው ያለችሽ?»

«ነሐሴ ላይ።»

«አሁን ጥቅምት ነው።»

«ነገር ላለማብዛት ብዬ ነው እንጂ…»

«ለዶክተሩስ ነገርሽው?»

«በማግሥቱ! እኔ እይዘዋለሁ፣ አንቺ ምንም አትበይ አለኝ።» ሻማዎቹን አስተካከለችና «ብልቃጦቹን መጥቶ ወሰደ» አለች።

እንግዲህ አስቡት። ዶክተሩ ከነሐሴ ጀምሮ ያውቃል። እሷም ታውቃለች። መስከረም ላይ ሁለቱም ማኅበሩ ላይ ተቀምጠው ከዚያው ጽዋ ጠጥተዋል፣ ዳቦውን ገምጠዋል፣ በሚካኤል ስም ተመራርቀዋል። እኔ ሐምሌ ላይ ስለቅጠሉ ምንም አላውቅም ነበር፤ እሱም አላወቀ ይሆናል። አለማወቅ ሰውን አያዋርድም። አውቆ ያንን የእጅ ውዝወዛ እንደተንጠለጠለ መተው ግን የሱ ሥራ ነው። ኮረሪማዬን ሳልገዛ ወጣሁ። ከደጁ ላይ ሆና «ደሞ እኔ ነገርኩት እንዳትል» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ሽማግሌ ጠየቅሁ። ሙሴው አንዱ ሆነ፣ ምክንያቱም በሁሉም ነገር አንዱ ካልሆነ አይሆንለትም። ሌላው ያስተማሩኝ የኪልበርኑ አባት ናቸው፤ ከማኅበሩ ውጪ ስለሆኑ ያዳላሉ የሚል አልተገኘም። እሳቸው ቤት፣ ከጫማ ሱቅ በላይ ባለችው ክፍላቸው ተቀመጥን። ሴትዮዋን ሙሴው አስቀድሞ በስልክ ጠይቋት ሁሉንም አምናለች። ዶክተሩ ዘግይቶ መጣ፤ ትራፊኩን ወቀሰ።

የሐኪሟ ቃል ተነገረ። ዶክተሩ አልካደም። ራሱን ነቀነቀና እሱም እንደተጎዳ፣ እንቅልፍ እንዳጣ፣ ሥራውን እንዳቆመ ተናገረ። ሳይንስ ውስጥ ትራያል ኤንድ ኤረር፣ እየሞከሩ እየተሳሳቱ መማር፣ የሚባል ነገር አለ አለ።

«ትራያሉ የሴቶቹ አንገት፣ ኤረሩ የኔ ስም ሆነ በለኛ» አልኩት።

ሙሴው ቶሎ ገባ። «በሉ እንግዲህ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉና እንጨርሰው። እኔም መኪናዬን ያቆምኩበት ሰዓት ሊያልቅ ነው።»

«ምኑን ነው ይቅር የምለው?»

«የተፈጠረውን ነዋ።»

«ማን ፈጠረው?»

እዚህ ላይ ነው እኔ ከወገኔ ጋር የማልስማማው። እኛ ዘንድ ይቅርታው ከጥፋቱ ይቀድማል። በዳዩ ገና አፉን ሳይከፍት ተበዳዩን «አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ እለፈው» ይሉታል። ጥፋቱ ስም ሳይወጣለት ይቀበራል፤ በዓመቱ ያው ሰው ያንኑ ይደግመዋል። እኔ አላልፍም አልኩ። በተሰደብኩበት ሰው ፊት፣ ያው ሰው፣ በገዛ አፉ ይናገር። ጽዋውም በኔ ቤት፣ በኅዳር ሚካኤል፣ በዕለቱ ይሁን፤ በቅዳሜ አይደለም። አባቴ አገር እንደሚደረገውም ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ።

ይህን ወጉን የማያውቅ ካለ፦ የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ተበዳዩ ደጅ ይቆማል። ተበዳዩ አውርድ እስኪለው አያወርድም።

ሙሴው ሳቀ። «ኧረ ጋሼ፣ ለንደን እኮ ነው ያለነው። ድንጋይ ከየት ይመጣል? ከጋርደን ሴንተር ይግዛ?»

ዶክተሩም ፈገግ አለ። ተርፌያለሁ ብሎ ይመስለኛል።

የኪልበርኑ ሽማግሌ ቀና አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «ይኼ ልጅ ሰው የጎዳው በድንጋይ አይደለም» አሉ። «ድንጋይ ምን አደረገ? ያቃጠለበትን ዕቃ ይሸከም።»

«ማይክሮዌቩን?» አለ ዶክተሩ።

«ከነቧንቧው።»

ፈገግታው የት እንደገባ አላየሁም። እምቢ ሊል ነበር፤ ሙሴውን አየው። ሙሴው ሰዓቱን አየ። «በእውነቱ ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ። ነገሩ ከሱ ላይ ከተነሣ ለሙሴው ሁሉም ሐሳብ ጥሩ ነው።

በኅዳር ሚካኤል ዕለት ሁሉም ከሥራ ፈቃድ ወስዶ መጣ። ሚካኤል በራሱ ቀን ሲከበር ያየሁት ለንደን ከገባሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ደረቅ ዳቦ ቢሆንም ዳቦ ጋግሬያለሁ፤ ጠላው ግን አያሳፍርም። ፍላቴ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ካውንስሉ መጥቶ አየሁት ብሎ ሄዷል። ሁሌ እረግመው የነበረውን ሊፍት ያን ቀን መረቅሁት።

ሰው ሁሉ በሩን ከፍቶ ደረጃው ላይ ቆመ። ዶክተሩ ማይክሮዌቩን በጫንቃው ተሸክሞ፣ በሁለት እጁ ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ወጣ። የብርጭቆው ቧንቧ በጆሮው በኩል ቆሟል። ገመዱ ከኋላው ደረጃውን እየደበደበ ይከተለዋል። ከላይ የምትኖረው ጃማይካዊት ጎረቤቴ የገበያ ቦርሳዋን ይዛ ስትወርድ አየችውና ልርዳህ አለችው። ሽማግሌው በእንግሊዝኛ «አይሆንም፣ እመቤት፣ የራሱ ነው» አሏት። ቦርሳዋን አስቀምጣ ማየት ጀመረች።

ደጄ ላይ ሲደርስ ቆመ። ላብ ያንጠባጥባል። «እኔ… ኤክስትራክቱ በጣም ኮንሰንትሬትድ ስለነበረ፣ ከአልትራቫዮሌት ጋር ሲገናኝ…»

«ኬሚስትሪ ልታስተምር አልመጣህም» አሉት ሽማግሌው። «ለማን፣ ምን እንዳደረግህ ተናገር።»

ዓይኑ መሬት መሬት አየ። ከዚያ፣ እውነቱን ልናገር፣ በደንብ ተናገረው።

«ያቃጠላችሁ የኔ ዘይት ነው። ሳልመረምር ቀባኋችሁ። የጋሼ ቅጠል ምንም አልነበረበትም። ይህን ከነሐሴ ጀምሮ አውቃለሁ።» ትንፋሹን ሳበ። «ማንበብ አይችሉም ያልኩትም ውሸት ነው። ራሴ አስነብቤያቸው ነበር።»

የጠበቅሁት የመጨረሻዋን ነው። ወዲያው አውርድ አላልኩትም። አቆየሁት፤ ሙሴው ጉሮሮውን እስኪጠርግ፣ ገመዱ መወዛወዙን እስኪያቆም። ልቤ አልራራም፤ እንዲራራም አላስገደድኩትም። ክንዱ ሲንቀጠቀጥ አየሁና «አውርድ» አልኩት።

አወረደ። ያቺ ሁሉን አውቃ ዝም ያለችው ሴትዮ ከሁሉ ቀድማ እልል አለች። ሐምሌ ላይ ለምን አልተቀባም ያለችዋም ተከትላ እልል አለች። የኛ ሰው እልልታ አያልቅበትም። ሲዘሉኝ አብረው ዘለሉ፣ ሲመልሱኝ አብረው መለሱ፤ በሁለቱም መሀል አንዳቸውም እንኳ ብቻቸውን ሲቆሙ አላየሁም።

ዶክተሩ ጠላዬን ጠጥቶ ቀድሞ ወጣ። ማይክሮዌቩን ትቶት ሄደ፤ እስካሁን ደጄ ላይ አለ፤ ጣራው የተበሳ ስለሆነ ሾርባ እንኳ አያሞቅም። ጤና አዳሜ በመጋቢት እንደገና አቆጠቆጠ። አሁንም የጠየቀ ይቆርጣል፤ እሱም ቢመጣ አልከለክለውም፤ ጆንያ ይዞ ከመጣ ግን እኔ ነኝ ጆንያውን የማሸክመው።

ያን ዕለት ማታ ከመበተናቸው በፊት ብድግ አልኩ። ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ሙሴው ጽዋውን በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ይዞ መጣ፤ ይህን ጊዜ አልቆመም። በዘለሉኝ ወር ምትክ ወሩን ሙሉ ቤቴ እንዲቀመጥ ተስማምተው በእጄ አኖሩት።

ነገሩ ያለቀው ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. ነው።